ሽቦ የሚያስርማ ሞልቷል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የኋላ ገጾች ላይ «የተዛነፈ ጥርስ እናስተካክላለን፣ ብሬስ በቅናሽ እንሠራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች እየበዙ መጥተዋል። ማስታወቂያ ማውጣት የነሱ መብት ነው፤ እናንተም የምትታተሙት በዚያ ገቢ ስለሆነ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ፣ ሽቦው ከታሰረ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚከታተለው የሚናገር አንድም ማስታወቂያ አለማየቴ ነው። ደብዳቤዬ ረዘም ካለባችሁ ቆራርጣችሁ አውጡት፤ ስለ ወንጂ ውኃ የጻፍኩትን ግን አደራ እንዳትነኩብኝ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ ነኝ። የሥራ ዘመኔን በወርክሾፕ፣ ከቶርኖ ማሽን ፊት ቆሜ ነው የጨረስኩት። አሁን የምኖረው አዳማ ነው። የልጄን ልጅ እኔና ባለቤቴ እናሳድጋለን፤ እናቷ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷ የላይኞቹ ክራንቻዎቿ ቦታ አጥተው፣ በግራም በቀኝም ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ ከድዷ ላይ ወጡ። ትምህርት ቤት ያወጡላትን ስም እዚህ አልደግመውም። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን አመጣች፤ ፎቶ ስትነሳ ደግሞ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። እናቷ በቪዲዮ ስትደውል ይህን ልብ ብላ «አባዬ፣ ይሠራላት፤ ብሩን እኔ እልካለሁ» አለች።

አዳማ ውስጥ የጥርስ ክሊኒክ ችግር የለም። ለማስነቀል፣ ለማስሞላትና ለማሳጠብ ከዋናው መንገድ ሳይወጡ አማርጠው መግባት ይችላሉ፤ የሚሠሩትም ጥሩ ልጆች ናቸው። ሽቦ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ጥርስ ማስተካከል ከጠቅላላ ጥርስ ሕክምና በላይ ለብቻው ዓመታት የሚማሩት ሙያ ነው፤ ኦርቶዶንቲስት የሚባሉት ስፔሻሊስቶች ደግሞ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቁም። እኛ የገባንበት ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ «ብሬስ የሚሠሩት ዶክተር በወር አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ግማሹን ክፍያ ዛሬ ከፍላችሁ ተመዝገቡ» አለችን። ከፈልን። ቅዳሜው ደረሰ፤ ዶክተሩ መጡ፣ አፏን በመስታወት አዩ፣ ራጅ ሳያዙ እዚያው አሠሩላት። በየጥርሱ ላይ አንዳንድ ትንሽ ብረት ለጥፈው በሰማያዊ መብራት አደረቁት፤ ሽቦውን በመካከሉ አሳልፈው በላስቲክ ያዙት። የላስቲኩን ቀለም የምትመርጠው ራሷ ናት ሲሏት ሐምራዊ መረጠች። ደስ አላት፤ ቤቱም ደስ አለው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ዶክተሩ መጡ። ከዚያ «ዛሬ አልተመቻቸውም» ተባልን። ቀጥሎ «የሚመጣው ቅዳሜ» ሆነ። በመጨረሻ ስልክ የሚያነሳም ጠፋ፤ ክሊኒኩ ግን ክፍት ነው፣ ታፔላውም እንደተሰቀለ ነው። በዚህ መሀል የተለጠፉት ብረቶች አንድ በአንድ መውለቅ ጀመሩ። አንዱ ሲወልቅ የሽቦው ጫፍ ወደ ኋላ ወጥቶ ጉንጯን ከውስጥ ወጋት፤ ቆሰለ፤ እንጀራ በወጥ መብላት አቃታት። ባለቤቴ ጧፍ በጣቷ አሽታ አለስልሳ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ አድብልብላ የሽቦው ጫፍ ላይ ለጠፈችላት። በዚያ ሌሊት ተኛች። በኋላ አዲስ አበባ ያገኘናቸው ዶክተር ይህን ሲሰሙ ሳቁና ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ሰም ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት፤ «እማማ መድኃኒቱን አውቀውታል» አሉ።

ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት። «ያሰረው ይፍታው» አሉኝ። ነገሩ የቄስ ነው የሐኪም? ቀጥዬ የሄድኩበትም እንደዚያው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ፈረድኩላቸው። ሌላ ሰው ፈትቶ የተወውን ሞተር ስዕሉንም ሳያሳዩ፣ የተነካውንም ሳይናገሩ «ጨርስልኝ» ቢሉኝ እኔም እሺ አልልም። ከየት እንደተጀመረ የሚያሳይ ራጅ የለም፣ የጥርሷ ቅርጽ አልተወሰደም፣ ወዴት ሊያደርሷት እንዳሰቡ የተጻፈ ነገር የለም። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሼ ፋይሏን ጠየቅኩ። የሰጡኝ ቀንና የተከፈለ ብር የተጻፈበት ካርድ ነው። ከሕክምናው «ብሬስ ተደረገላት» ከሚል በቀር አንድ ቃል የለበትም።

ያነቃን የኩዌቱ ስልክ ነው። ልጄ የምትሠራበት ቤት ልጆች ሽቦ አሥረዋል፤ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸውም እሷ ናት። «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ወሩ ሲደርስ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ሽቦውን ይለውጣል፣ ላስቲኩን ይቀይራል፣ ጽፎ ያስቀምጣል። የኔ ልጅ መቼ ነው የታየችው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የሰው ልጆች በቀጠሯቸው ቀን እንዳይቀሩ የምታደርገው እሷ፣ የራሷን ልጅ ሽቦ በስልክ መስኮት ታያለች።

አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ሄድን። ከአዳማ በሌሊት ተነስተን በፈጣኑ መንገድ ብንደርስም ሰልፉ ቀድሞን ነበር። ወረፋ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ የማማርርበት የለኝም። የተቀበሉን ስፔሻሊስት ወጣት ሴት ናቸው። አንድም ነገር ሳይነኩ በፊት የመንጋጋውን ሙሉ ራጅ አዘዙ፣ የጭንቅላቷን ራጅ በጎን አስነሱ፣ የላይና የታች ጥርሷን ቅርጽ በጄሶ አስወሰዱ። ያንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አስረዱኝ፤ እኔም መካኒክ ነኝና ብዙ ጠየቅኳቸው፤ አልሰለቹኝም።

ያስረዱኝን ልጻፈው፤ ማስታወቂያዎቹ ላይ ስለማይገኝ። ሽቦው ጥርሱን ከአጥንቱ ነቅሎ አይጎትተውም። ቀስ ብሎ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ይህን የሚሠሩት የገዛ ሰውነታችን ሕዋሶች ናቸው፤ ሥራቸውም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ ታይቶ ኃይሉ ይስተካከላል፤ ሕክምናው በብዙ ሰው ላይ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፣ ከዚያ የሚበልጥበትም አለ። «ታዲያ ጠበቅ ቢደረግ አይፈጥንም?» አልኳቸው። አይፈጥንም፤ ኃይል ሲበዛ የጥርሱ ሥር ይበላል፣ ያጥራል፤ ያጠረ ሥር ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ሳይታይ የተተወ ሽቦም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግማሹ ወልቆ ግማሹ ሲቀር ጥርሱን ወዳልታሰበበት ይወስደዋል። በብረቱ ዙሪያ የሚቀር ምግብ ካልተቦረሸ ጥርሱን ነጭ ነጠብጣብ አድርጎ ያበላሸዋል፤ ሽቦው ሲፈታ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ግን ተበልቶ ይገኛል። ሁሉም ካለቀ በኋላም ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚወድ ሪቴይነር የሚባለው መያዣ ይደረጋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግማሹን ብር ከከፈልኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቦታው ለምን እንደጠበበም ከራጁ አሳዩኝ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች የወተት መንጋጋዎቿ በስኳር ተበልተው ነበር። የስኳር ፋብሪካ ሠፈር ልጅ ናት፤ አገዳ እየመጠጠች ነው ያደገችው። «የወተት ጥርስ ነው፣ ለመውደቁ አይቀርም» ተብሎ ተነቀለ። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። የወተት ጥርስ ለሚተካው ቦታ ይጠብቃል፤ ያለጊዜው ሲነሳ በስድስት ዓመት ገደማ ከኋላ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይይዘዋል፤ ኋላ የመጣው ክራንቻ መግቢያ ያጣል። ይሄ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ደግሞ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ዝም ብሎ ከኋላ ስለሚወጣ ወላጅ የወተት መስሎት ችላ ይለዋል። ቋሚ ነው! ሲበላ ያስሞሉት። ይህን አንድ ነገር የኛ ሠፈር እናቶች ቢያውቁ ስንት ልጅ ከሽቦ ይድን ነበር።

ከኛ ቀጥሎ የገባችው ከአርሲ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ናት። የልጁ የታችኛው ክራንቻ በአንድ በኩል ጨርሶ አልወጣም። ዶክተሯ በለሆሳስ «በሕፃንነቱ ግግ አስወጥታችሁለት ነበር?» አሏት። ሴትየዋ መሬት መሬቱን አየች። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» እየተባለ ድዱ ተሰንጥቆ የሚወጣው ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ከሥሩ የተኛውም የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አብሮ ይጎዳል። ይህ ነገር ዛሬም ይደረጋል፤ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ደጋግመው ቢናገሩት አይበዛም።

አሁን ወንጂ ውኃ ልድረስ። ዶክተሯ የልጅቷን ጥርስ በመብራት እያዩ «አባባ፣ የት ነው ያደገችው? ወንጂ ነው መተሐራ?» አሉኝ። እኔ ሳልነግራቸው! የኔን ጥርስ አይተው ይሆናል። ብረቶቹ አንድ በአንድ የወለቁት ዶክተሩ ስላልመጡ ብቻ አይደለም። ጥርሳችን ራሱ ሌላ ነው።

አባቴ ከከምባታ ለአገዳ ሥራ የመጡት ሆላንዶቹ፣ ማለትም ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው ኩባንያ፣ ፋብሪካውን ባቆሙበት ዘመን ነው፤ ስኳር ማምረት የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። አባቴ እስኪሞቱ ጥርሳቸው ወተት ነበር። እኛ እዚያው ካምፕ የተወለድነው ልጆቻቸው ግን ሁላችንም ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ ከአንዳንዶቻችንም ላይ ይፈረፈራል። ሰው ሱስ ያለብን ይመስለው ነበር። ነገሩ ከጉድጓድ ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ የጥርሱን ቀለም የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት አካባቢ ባለው ዕድሜ ነው፤ አባቴ አድገው ስለመጡ ነው ያመለጡት። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አንገታቸውን ማዞር፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ያቃታቸው የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። ውኃውን ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይበዛል።

ይህ ከሽቦ ጋር ምን አገናኘው? ብረቱ ጥርስ ላይ የሚያዘው መጀመሪያ የጥርሱ ገጽ በአሲድ ተቀብቶ እንዲሻክር ስለሚደረግ ነው፤ ማጣበቂያው የሚነክሰው ያንን ሸካራ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ጥርስ አሲዱን ይቋቋማል፤ ስለዚህ እንደሌላው ሰው ጥርስ በቶሎ አይሻክርም፤ የተለጠፈው በትንሽ ነገር ይወልቃል። መላ አለው፤ አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት አለ፣ ላይኛውን ገጽ በስሱ ማሻሸት አለ፣ ለይቶ የሚመረጥ ማጣበቂያም አለ። የሚያስፈልገው የሚሠራው ሰው ይህን ማወቁ ነው። ከአዳማ እስከ ዝዋይ፣ ከመተሐራ እስከ ሐዋሳ ስንት ልጅ ይህ ጥርስ አለው? እንግዲህ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ፣ ይህን ጥርስ የሚያውቅ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ከየትም በላይ የሚያስፈልገን እኛ ነን፤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የልጅቷ ሽቦ ተፈትቶ፣ ቦታ የሚያስፈልጋት ስለሆነ ከላይ ሁለት ጥርስ ተነቅሎላት፣ እንደ አዲስ ታሰረ። እሱም ተመስገን ነው። ለሰፊው ሕዝብ ግን እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። የቀን ሠራተኛ ልጁን ይዞ በየወሩ አዲስ አበባ ሲመላለስ የቀን ገቢውም ይቀራል፣ የልጁም ትምህርት ይቀራል፣ የመኪናውም አለ። የጤና መድኑም አርቲፊሻል ጥርስንና ለውበት ነው የሚባለውን ሕክምና አይመለከትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ የኛው ክሊኒክ እንኳ ቀሪውን ክፍያ ሲጠይቅ «ዶላር ጨምሯል» ብሎ ነበር። ዶላሩ ለጨመረበት ሽቦ ዶክተሩስ የት አሉ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሕንፃ ይሠራ አላልኩም። አንድ ክሊኒክ ሽቦ ከማሰሩ በፊት የራጁን ቅጂ፣ የሕክምናውን ዕቅድና አጠቃላይ ክፍያውን በወረቀት ጽፎ ለታካሚው ይስጥ፤ ሐኪሙ ቢታመም፣ ከአገር ቢወጣ፣ ቢቀር፣ ያንን ወረቀት ይዘን ሌላ በር እናንኳኳለን፤ የሚቀበለንም «ያሰረው ይፍታው» አይለንም። የኦሮሚያ ጤና ቢሮም ለክሊኒክ ፈቃድ ሲሰጥ «በወር አንዴ ይመጣል» የተባለው ሐኪም ባይመጣ ማን እንደሚተካው ይጠይቅ። በየከተማው ሥራ ላይ ያሉትን ስፔሻሊስቶች ስም ዝርዝር በአንድ ቦታ ለሕዝብ ያውጣ፤ የሙያ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ይሁን ኦርቶዶንቲስት ለይቶ የሚያነብ ወላጅ ስንት ነው? የማስተማሪያ ሆስፒታሎቹም ስፔሻሊስት በወር አንድ ጊዜ ወደ አዳማ ሪፈራል ወይም ወደ አሰላ ቢልኩ፣ የሚጠፋው የአንድ መኪና ነዳጅ ነው፤ የሚተርፈው የስንት ቤተሰብ ጉዞ ነው። ማጥበቅና ላስቲክ መቀየሩን ደግሞ በስፔሻሊስቱ ዕቅድ እየተመሩ የአዳማዎቹ የጥርስ ሐኪሞች ሊሠሩት ይችላሉ ብለውኛል ዶክተሯ፤ ዋናው ሁለቱ መገናኘታቸው ነው።

ከእናንተም አንድ እፈልጋለሁ። የጥርስ ማስተካከያ ማስታወቂያ ስትቀበሉ፣ የሚሠራው ስፔሻሊስት ማን እንደሆነና ክትትሉ በየትኛው ከተማ እንደሚሰጥ አብሮ እንዲጻፍ አድርጉ። ሁለት መስመር ነው። በመስመር የምታስከፍሉ ከሆነም ይክፈሉ፤ ከኛ ተቀብለውታል።

የጤና ቢሮው መልስ ከሰጠ በዚሁ ገጽ ላይ አውጡልን፤ ጋዜጣችሁን ሁሌም እገዛለሁ፣ አያመልጠኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ መካኒክ፣ ከአዳማ
(ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልኬያለሁ)